ብርሃን ስንል ምን ማለታችን ነው?

በታኅሣሥ ወር ከልደት በዓል አስቀድመው የሚውሉት ሦስት ሰንበታት በቤተ ክርስቲያናችን ሥርዓት ልዩ ልዩ ስም አላቸው፤ አንደኛው ስብከት፣ ሁለተኛው ብርሃን፣ ሦስተኛው ኖላዊ ይባላል። ብርሃን የተባለው ከታኅሣሥ 14 እስከ 20 ባሉት ቀኖች የሚውለው ሰንበት ሲሆን፣ ነቢያት የብርሃንን መምጣት በተስፋ መጠባበቃቸው የሚታሰብበት ነው። ከጥቂት ዓመታት በፊት በዚሁ ሰንበት በደብረ ብርሃን ከተማ ነበርሁ። ሌሊቱን የጣለው ውርጭ በሣሩ ላይ እንደ ጨው ነጥቶ፣ ሰማዩ ግን አንዳች ደመና ሳይኖርበት ጠርቶ ነበር። ከቅዳሴ በኋላ በአንድ ሽማግሌ ቤት ለጠበል ጸዲቅ ተጠርተን ተቀምጠን ሳለ፣ በአያትና በልጅ ልጅ መካከል የተነሣው ክርክር ይህን ጽሑፍ ለመጻፍ ምክንያት ሆነኝ።

ሽማግሌው የከተማቸው ስም ከየት እንደ መጣ ለእንግዶች ሲተርኩ፣ በዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ ዘመን በዚያ ስፍራ ከሰማይ ብርሃን መታየቱንና ንጉሡም ስለዚህ ቦታውን ደብረ ብርሃን ብሎ መሰየሙን ተናገሩ። የሁለተኛ ደረጃ ተማሪ የሆነው የልጅ ልጃቸው ግን «አባባ፣ ያ እኮ ተአምር አልነበረም፤ ሃሌይ የሚባለው ጅራታም ኮከብ ነበር፤ በትምህርት ቤት ተነግሮናል» አለ። ሽማግሌውም ፊታቸው ጠቍሮ «እንግዲያውስ የአገሬ ስም ውሸት ነው በለኛ፣ ልጄ!» አሉት። ልጁ አቀርቅሮ ዝም አለ፤ ነገር ግን ያመነበትን እንዳልተወ ከፊቱ ያስታውቅ ነበር። ወዲያው ሽማግሌው ወደ እኔ መለስ ብለው «እስቲ እርስዎ ይፍረዱን» አሉኝ። እኔም ፍርዱን ለጊዜው አቈይቼ «ለመሆኑ ሁለታችሁም ብርሃን ስትሉ አንድ ነገር ማለታችሁ ነውን?» ብዬ ጠየቅሁ።

ውድ አንባቢ ሆይ፣ በሰው መካከል ከሚነሣው ጠብ ብዙው የሚመጣው ሁለት ሰዎች አንዱን ቃል ይዘው ሁለት ነገር ስለሚናገሩበት ነው። አንዱ ስለ ሥነ ፍጥረት ሲናገር ሌላው ስለ ታሪክ ይሰማዋል፤ አንዱ ስለ ዕለት ኑሮው ሲናገር ሌላው ስለ ምሥጢር ይመስለዋል። ብርሃን የሚለው ቃል ለዚህ መልካም ምሳሌ ስለ ሆነ፣ በዕለት ንግግር፣ በአፈ ታሪክና በሳይንስ ምን ምን ማለት እንደ ሆነ በየተራው እንመልከት፤ በመጨረሻም ወደ አያትና የልጅ ልጁ ክርክር እንመለሳለን።

1ኛ/ የቃሉ ዘር

ብርሃን ከግእዝ የወረስነው ቃል ነው። ግሡ በርሀ ሲሆን፣ ትርጕሙ በራ፣ ብሩህ ሆነ ማለት ነው። ከዚሁ ዘር በአማርኛ በራ፣ አበራ፣ መብራት፣ ብራ የሚሉት ቃላት ይገኛሉ። ክረምቱ አልፎ ሰማዩ ሲገለጥ «ብራ ሆነ» እንላለን፤ በነሐሴ 13 ቀን በደብረ ታቦር በዓል ልጆች ችቦ እያበሩ የሚያከብሩትን ቡሄንም ብዙ መምህራን ብራ፣ ገላጣ ብለው ይተረጕሙታል።

ይኸው ቃል ከጥንት ጀምሮ ለትምህርትና ለእምነትም ተሰጥቶ ይገኛል። በአራተኛው መቶ ዓመት የኢትዮጵያ የመጀመሪያው ጳጳስ የሆኑት አቡነ ሰላማ ከሣቴ ብርሃን ተብለዋል፤ ብርሃንን የገለጠ ማለት ነው። አብርሃ የሚለውም የንጉሥ ስም አበራ የሚል ትርጕም አለው። ዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ ከደረሳቸው መጻሕፍት አንዱ መጽሐፈ ብርሃን ይባላል። በቅርቡም ዘመን፣ በ1914 ዓ.ም. የተቋቋመው ማተሚያ ቤትና በ1917 ዓ.ም. መታተም የጀመረው ጋዜጣ ብርሃንና ሰላም ተብለው ተሰይመዋል። በዚህ ሁሉ ብርሃን የተባለው ዓይን የሚያየው ሳይሆን ልብ የሚያስተውለው ነው።

2ኛ/ ብርሃን በዕለት ንግግር

በዕለት ንግግራችን ቃሉ የማይገባበት ቤት የለም። የከበደን ነገር ስናስተውል «በራልኝ» እንላለን፤ ደስ ያለውን ሰው «ፊቱ በራ» እንለዋለን፤ ፈጥኖ የሚያስተውለውን ልጅ «ብሩህ አእምሮ አለው» ብለን እናመሰግነዋለን። ጠጕሩ ያለቀውን ሰው እንኳ ራሰ በራ ብለን እንጠራዋለን፤ ይህንም ስንል ዕውቀቱን ማመስገናችን እንዳልሆነ እርሱም እኛም እናውቃለን።

መብራት የሚለው ቃል ደግሞ ከዘመን ጋር አብሮ ተለውጧል። ቀድሞ መብራት ማለት ጧፍ፣ ኩራዝ፣ ፋኖስ ነበር። በአሥራ ዘጠነኛው መቶ ዓመት መጨረሻ ላይ በዐፄ ምኒልክ ዘመን የኤሌክትሪክ ኃይል ወደ አገራችን ገብቶ መጀመሪያ ለቤተ መንግሥቱ አገለገለ። ከዚያ ወዲህ ሕዝቡ ኤሌክትሪክን ራሱን መብራት ብሎ ሰየመው። ዛሬ «መብራት ጠፋ» ሲባል በቀትር ፀሐይ ፀጥ ብሎ የቆመ ወፍጮም ሊሆን ይችላል። ፀሐይ እያበራ መብራት ጠፋ ማለት ለባዕድ ሰው ግራ ነው፤ ለእኛ ግን ቃሉ በየትኛው ቤት እንዳለ ስለምናውቅ አንሳሳትም።

ሆኖም አንዳንድ ጊዜ እንሳሳታለን፤ ስሕተቱም ዋጋ ያስከፍላል። ከላይ የጠቀስኋቸው ሽማግሌ ከክርክሩ በኋላ ወጡ ሲቀርብ እጃቸው ሞሰቡን ሲፈልግ አይቼ ምን እንደ ሆኑ ጠየቅኋቸው። «የዓይኔ ብርሃን አለቀ፤ ይኸው ሁለት ዓመቱ» አሉኝ። ወደ ሐኪም ሄደው እንደ ሆነ ስጠይቃቸውም «ያለቀ ነገር በምን ይመለሳል? ጋዙ ያለቀ ኩራዝ ቢያራግፉት አይበራ» አሉ። ቀርቤ ብመለከት የሁለቱም ዓይኖቻቸው ብሌን ነጣ ብሎ ደመና እንደ ለበሰ ሰማይ ሆኗል።

የዓይን ብርሃን የምንለው ማየትን ነው። አነጋገሩ ያማረ ነው፤ ማንም ሊነቅፈው አይገባም። ነገር ግን ሽማግሌው ያማረውን አነጋገር እንደ ሐኪም ቃል ወስደውት ነበር። ብርሃን በዓይናቸው ውስጥ እንደ ጋዝ ተሞልቶ፣ ሲበራ ኖሮ፣ ያለቀ መስሏቸዋል። ይህ ሐሳብ የእርሳቸው ብቻ አይደለም። ከጥንት የግሪክ ፈላስፎች መካከል ብዙዎቹ ዓይን የራሱን ጨረር አውጥቶ ነገሩን እየዳሰሰ የሚያይ ይመስላቸው ነበር። መልሱን ከሳይንስ ቤት ስንደርስ እናገኘዋለን።

3ኛ/ ብርሃን በአፈ ታሪክ

የጥንት ሕዝቦች ሁሉ ብርሃን ከየት እንደሚመጣ ጠይቀዋል፤ መልሱንም በተረት አስቀምጠዋል። የጥንት ግብፃውያን ፀሐይን ራ የሚባል አምላክ አድርገው፣ ቀን በሰማይ ሌሊት ከምድር በታች በጀልባ የሚጓዝ ነው ይሉ ነበር። ግሪኮች ደግሞ ሄሊዮስ የሚባለው በፈረሶች በሚሳብ የእሳት ሠረገላ ሰማዩን በየዕለቱ ያቋርጣል ብለው ይተርኩ ነበር።

በዚህ በግሪኮች ተረት የአገራችን ስም ይነሣል። የሄሊዮስ ልጅ ፋኤቶን የአባቱን ሠረገላ ለአንድ ቀን ለመንዳት ለመነ፤ ተፈቀደለትም። ነገር ግን ፈረሶቹን መግታት አቅቶት ሠረገላው ወደ ምድር ተጠጋ፤ ምድርም ተቃጠለች። የሮማው ባለ ቅኔ ኦቪድ ይህን ተረት ሲጽፍ፣ የኢትዮጵያ ሰዎች መልካቸው የጠቈረው በዚያ ቀን ነው ይላል። ኢትዮጵያ የሚለውም ስም በግሪክ ቋንቋ ፊቱ በፀሐይ የተቃጠለ ማለት ነው ተብሎ ይተረጐማል።

ይህን ተረት ሰምቶ መሣቅ ቀላል ነው። ነገር ግን ተራኪው የጠየቀው ጥያቄ እውነተኛ መሆኑን ልብ እንበል። የሰው መልክና የፀሐይ ብርሃን ዝምድና እንዳላቸው አስተውሏል፤ መልሱን ግን አላገኘውም። ዛሬ እንደሚታወቀው በሰው ቆዳ ውስጥ ሜላኒን የሚባል ቀለም አለ፤ ይህም ዓይን የማያየውን ብርቱ የፀሐይ ጨረር እየከለከለ ሰውነትን ይጠብቃል። ስለዚህ ፀሐይ በሚበረታበት አገር የሚኖሩ ሕዝቦች ከብዙ ትውልድ ጀምሮ ይህን ቀለም በብዛት ይዘው ይወለዳሉ። ጥቍረታችን ጠባቂ ልብስ እንጂ የቃጠሎ ጠባሳ አይደለም።

እኛም የራሳችን አለን። ዝናብና ፀሐይ ሲገናኙ በሰማይ የሚዘረጋውን ቀስተ ደመና የማርያም መቀነት እንለዋለን። ይህን ያለ ሰው ከሰማይ ላይ የተፈተለ ጥጥ እንደሌለ አያጣውም። የተናገረው ስለ ጥጥ ሳይሆን ስለ ፍቅር ነው፤ ያማረ ነገር ባየ ጊዜ የሚወዳትን እመቤት አስታወሰ። እንግዲህ በአፈ ታሪክና በሕዝብ አነጋገር ብርሃን ሰው ያደነቀውንና የፈራውን የሚያለብሰው ነገር ነው። ከዚህ ቤት የነገሩን አሠራር መፈለግ ወንፊት ይዞ ውሃ እንደ መቅዳት ይሆናል።

4ኛ/ ብርሃን በሳይንስ

ሳይንስ ብርሃን ሲል ሊለካ የሚችለውን ነገር ብቻ ማለቱ ነው። የብርሃን ፍጥነት በአንድ ሰከንድ 300,000 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ከአዲስ አበባ እስከ ደብረ ብርሃን ያለውን 130 ኪሎ ሜትር መንገድ አንድ ሰከንድ ለሺህ ቢከፈል ከአንዱ ክፍል እኩሌታ ባነሰ ጊዜ ይጨርሰዋል። ፀሐይ ከእኛ 150 ሚሊዮን ኪሎ ሜትር ያህል ስለምትርቅ ግን ብርሃኗ ወደ እኛ ለመድረስ 8 ደቂቃ ከ20 ሰከንድ ያህል ይፈጅበታል። ስለዚህ የምናያት ፀሐይ ሁልጊዜ የ8 ደቂቃ በፊቷ ፀሐይ ናት።

ከፀሐይ ወዲያ ላሉት ከዋክብት ኪሎ ሜትር ስለማይበቃ፣ ሊቃውንቱ የብርሃን ዓመት በሚባል ልክ ይቈጥራሉ። እዚህም ላይ ቃሉ እንዳያሳስተን እንጠንቀቅ፤ የብርሃን ዓመት ዘመን ሳይሆን ርቀት ነው፤ ብርሃን በአንድ ዓመት የሚሄደው መንገድ ማለት ነው። 570 የብርሃን ዓመት ያህል የሚርቅ ኮከብ ቢኖር፣ ዛሬ ማታ ከእርሱ የምናየው ብርሃን በዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ ዘመን መንገድ የጀመረው ነው።

በ1666 በአውሮፓውያን አቈጣጠር እንግሊዛዊው ኒውተን ባለ ሦስት ጐን መስታወት ይዞ የፀሐይ ብርሃን አንድ ነጭ ነገር ሳይሆን የብዙ ቀለማት ድምር መሆኑን መረመረ። የማርያም መቀነትም እንዲሁ ነው፤ የዝናብ ጠብታዎች እንደ መስታወቱ ሆነው ብርሃኑን በየቀለሙ ይለያዩታል። ይህንኑ የቀለማት ነገር በአንኮበር ማየት ይቻላል። ከደብረ ብርሃን ወደ ምሥራቅ 40 ኪሎ ሜትር ያህል ሄደን የሸዋ ነገሥታት መቀመጫ ከነበረችው ከአንኮበር ተራራ ላይ በማለዳ ብንቆም፣ ደጋው በድንገት ተቈርጦ ወደ አፋር ቆላ ይወርዳል፤ ፀሐይም ከቆላው ወዲያ ቀልታ ትወጣለች። የምትቀላው እሳቷ ስለ በረታ አይደለም። ማለዳ ብርሃኗ ወደ ዓይናችን ለመድረስ በምድር ዙሪያ ያለውን አየር በረጅሙ ያቋርጣል፤ በመንገዱም ሰማያዊው ብርሃን በአየሩ ውስጥ ተበትኖ ይቀርና ቀዩ ተርፎ ይደርሳል። ያው የተበተነው ሰማያዊ ብርሃን ነው በቀትር ሰማዩን ሰማያዊ የሚያደርገው።

ከዚህም በላይ፣ በሳይንስ ቤት ብርሃን የሚለው ቃል ዓይን ከሚያየው ይሰፋል። የሬዲዮ ሞገድና በሐኪም ቤት አጥንት የሚያሳየው ራጅ ከሚታየው ብርሃን ጋር አንድ ወገን ናቸው፤ ልዩነታቸው በሞገዳቸው ርዝመት ብቻ ነው። በ1905 ደግሞ አይንስታይን ብርሃን እንደ ሞገድ ብቻ ሳይሆን እንደ ጥቃቅን ጥሬም ሆኖ እንደሚሠራ አሳየ። የማይታይ ብርሃን፣ ሞገድም ጥሬም የሆነ ብርሃን! ይህ በገበያ ቢነገር ተቃራኒ ይመስላል፤ በቤቱ ግን ተለክቶ የተረጋገጠ ነው።

አሁን ወደ ሽማግሌው ዓይን እንመለስ። በባስራ የተወለደው ኢብን አል ሃይሠም የሚባለው የዐረብ ሊቅ በአሥራ አንደኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ በግብፅ አገር ሳለ ስለ ብርሃን ታላቅ መጽሐፍ ጽፎ፣ ዓይን ብርሃንን ተቀባይ እንጂ አመንጪ አለመሆኑን አስረዳ። ብርሃን ከፀሐይ ወይም ከመብራት ወጥቶ በነገሩ ላይ ያርፋል፤ ከነገሩም ተመልሶ ወደ ዓይን ይገባል። እንግዲህ በዓይን ውስጥ የሚያልቅ ብርሃን የለም። ዓይን እንደ መስኮት ነው፤ ጨለማ የሚሆነውም መስኮቱ ሲዘጋ ወይም ከመስኮቱ በስተኋላ ያለው ክፍል ሲጐዳ ነው። የዓይን ሞራ የሚባለው ሕመም በዓይን ውስጥ ያለው እንደ መስታወት የጠራ ሌንስ ሲደፈርስ የሚመጣ ነው፤ ሐኪም የደፈረሰውን አውጥቶ በምትኩ የተሠራ ሌንስ ሊያገባ ይችላል። የዓይን ጉዳት ሁሉ እንዲህ የሚድን አይደለም፤ የትኛው የሚድን እንደ ሆነ የሚታወቀው ግን በምርመራ ነው። ሽማግሌው ሁለት ዓመት የተቀመጡት ብርሃናቸው ስላለቀ ሳይሆን፣ ቃሉን ከቤቱ ውጭ ስለ ወሰዱት ነው።

5ኛ/ የደብረ ብርሃን ብርሃን

ዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ ከ1426 እስከ 1460 ዓ.ም. ነገሡ። ዜና መዋዕላቸው እንደሚተርከው ብርሃን በሰማይ በታየ ጊዜ በስፍራው ቤተ ክርስቲያን አሠሩ፤ ቤተ መንግሥታቸውንም በዚያው ተከሉ፤ ከሕይወታቸውም የመጨረሻዎቹ 14 ዓመታት 12ቱን በደብረ ብርሃን ኖሩ። ደብር ማለት ተራራም ቤተ ክርስቲያንም ነውና፣ ስሙ የብርሃን ተራራም የብርሃን ቤተ ክርስቲያንም ይሆናል። ነገሥታት ከስፍራ ወደ ስፍራ በድንኳን በሚዘዋወሩበት ዘመን አንድ ብርሃን አንድን ንጉሥ በአንድ ቦታ አስቀመጠ ማለት ነው።

ያ ብርሃን ምን ነበር? ከታሪክ ተመራማሪዎች ሪቻርድ ፓንክረስት የሃሌይ ጅራታም ኮከብ ሊሆን እንደሚችል አመልክተዋል። ኮከቡ በ1448 ዓ.ም. በሰኔ ወር፣ በአውሮፓውያን አቈጣጠር በ1456፣ በዓለም ሁሉ ታይቷልና። ሆኖም በትውፊት የሚነገረው ቀን ኮከቡ በጕልህ ከታየባቸው ቀኖች ጋር አይገጥምም። ስለዚህ ተማሪው «ነበር» ያለውን «ሊሆን ይችላል» ማለት ይገባው ነበር። ሳይንስም የሚያስተምረው ይህን ነው፤ ባለው ማስረጃ ልክ መናገር።

ጅራታም ኮከብ ራሱ ምን እንደ ሆነ ግን ታውቋል። በረዶና አቧራ የተጣበቀበት አካል ነው። ወደ ፀሐይ ሲቀርብ በረዶው እየተነነ አቧራውን ይበትናል፤ ጅራቱም የፀሐይን ብርሃን ተቀብሎ ያበራል። እንግሊዛዊው ሃሌይ በ1682 ያየውን ኮከብ ከቀደሙት መዛግብት ጋር አስተያይቶ፣ በ76 ዓመት ያህል የሚመላለስ አንድ ኮከብ መሆኑን ተረዳ፤ በ1758 እንደሚመለስም በ1705 ጽፎ አስታወቀ። እርሱ በ1742 ዐረፈ፤ ኮከቡ ግን በተባለው ዓመት መጨረሻ ታየ። በመጨረሻም የታየው በ1986 ሲሆን፣ ደግሞ የሚመለሰው በ2061፣ በእኛ አቈጣጠር በ2053 ዓ.ም. ነው።

በዚያ በ1456 ይኸው ኮከብ በልዩ ልዩ አገር ልዩ ልዩ ነገር ተባለ። በቻይና የሰማይ መዝጋቢዎች መታየቱን መዘገቡ። በአውሮፓ ቍስጥንጥንያ በቱርኮች ከተያዘች ገና ሦስት ዓመቷ ነበር፤ የቱርክም ሠራዊት በዚያ ክረምት ቤልግሬድን ከብቦ ስለ ነበር ሕዝቡ ኮከቡን የመቅሠፍት ምልክት አድርጎ ፈራው። የሮማው ጳጳስ ካሊስተስ ሦስተኛ ኮከቡን አወገዙት የሚል ወሬ እንኳ ቈይቶ ተፈጠረ፤ ይህ ግን የዘመኑ ማስረጃ የሌለው አፈ ታሪክ ነው። አንዱ ብርሃን በአንዱ አገር በቍጥር ተጻፈ፤ በሌላው አስፈራ። እንግዲህ ሰው ከሰማይ ብርሃን ላይ የሚያነበው ብዙ ጊዜ አስቀድሞ በልቡ የጻፈውን ነው።

ይህ ነገር በደብረ ብርሃንም ላይ የሚያሳስብ ነው። ብርሃኑ የታየው፣ ስለ ስግደት በተነሣው ክርክር ከንጉሡ ትእዛዝ የተለዩ ደቂቀ እስጢፋኖስ የተባሉት መነኰሳትና ተከታዮቻቸው በድንጋይ ከተወገሩ በኋላ እንደ ሆነ ታሪክ ይናገራል። ብርሃኑም ለዚያ ፍርድ ከሰማይ የመጣ ማጽደቂያ ተደርጎ ተቈጠረ። የዚያን ዘመን ክርክር ዛሬ በዚህ ገጽ ልንዳኘው አይደለም። ነገር ግን የከተማዋን ስም የምንወድ ሁሉ፣ ከስሙ ጀርባ የብርሃን ዜና ብቻ ሳይሆን የደም ዜናም እንዳለ ማወቅ ይገባናል። ሳይንስ ስለ ብርሃኑ ርቀትና ቀለም ሊነግረን ይችላል፤ ሰው በሰው ላይ ያደረገው ትክክል ነው ወይስ አይደለም የሚለውን ግን ጅራታም ኮከብ አይመልሰውም። ይህ ጥያቄ የኅሊና ነው።

6ኛ/ «ወይም» እና «አንድም»

የቤተ ክርስቲያናችን የትርጓሜ መምህራን አንዱን ንባብ ሲፈቱ በአንድ ፍቺ አይወሰኑም፤ «አንድም» እያሉ ሁለተኛውን፣ ሦስተኛውን ያመጣሉ። ሁለተኛው ሲመጣ የመጀመሪያው አይሻርም፤ እያንዳንዱ በየመንገዱ ይጸናል። አያትና የልጅ ልጁ የተጣሉት «ወይም» በሚለው ቃል ነው፤ ወይም ተአምር ወይም ኮከብ። ነገሩ ግን «አንድም» የሚል ነበር። አንድም፣ ብርሃኑ በሰማይ የታየ የሥነ ፍጥረት ነገር ነው፤ ምን እንደ ሆነ ሊቃውንት ይመርምሩት። አንድም፣ አንድን ንጉሥ ያስቀመጠና አንዲት ከተማን የመሠረተ የታሪክ ነገር ነው፤ ኮከብ ቢሆንም ባይሆንም የአገሩ ስም ውሸት አይሆንም። አንድም፣ ሕዝቡ በዚህ ስም ተስፋውን የሚናገርበት የእምነት ነገር ነው።

«አንድም» ማለት ግን ሁሉም ይሁን ማለት አይደለም። እያንዳንዱ ፍቺ ወሰን አለው። የሃይማኖት ሰው የኮከቡን መንገድ በጸሎት ቈጥሬ እነግራችኋለሁ አይበል፤ የሳይንስ ሰውም የኮከቡን መንገድ ስለ ቈጠርሁ ሰው ወደ ሰማይ አይቶ ለምን እንደሚያለቅስ ጨርሼ አውቄአለሁ አይበል። እንዲሁም አንዳንዶች ብርሃን በዕለተ እሑድ፣ ፀሐይ ግን በዕለተ ረቡዕ መፈጠሯን ይጠቅሱና፣ ከዋክብት ሳይኖሩ በዓለም ብርሃን ነበረ የሚለውን የዛሬውን የሳይንስ ትምህርት ሲሰሙ «ይኸው መጽሐፋችንን መሰከረ» ብለው ይደሰታሉ። መደሰቱ አይከፋም፤ ነገር ግን ሳይንስ በየጊዜው ራሱን የሚያርም ነውና፣ እምነቱን በእርሱ ላይ የሚገነባ ሰው ሳይንሱ በታረመ ቍጥር ቤቱ ይናወጥበታል።

ከሳይንስ የተማርነውን አንድ ነገር ግን ለኅሊናችን ምሳሌ አድርገን ብንወስደው ይጠቅመናል። ብርሃን ባዶውን ጠፈር ሲያቋርጥ ከጐን ሆኖ ለሚመለከት አይታይም፤ የሚታወቀው በአንድ ነገር ላይ ባረፈ ጊዜ ነው፤ ያን ጊዜም ያረፈበትን ነገር ያሳያል። መልካሙንም ክፉውንም እንደ ሆነው ይገልጠዋል እንጂ አያሞግስም። እንግዲህ ብርሃን ባየን ጊዜ «ሥራዬን አጸደቀልኝ» ከማለታችን በፊት «ሥራዬን ምን አድርጎ አሳየው?» ብለን ልንጠይቅ ይገባናል።

ያን ቀን ይህን ሁሉ በረጅሙ አልተናገርሁም፤ ለአያትና ለልጁ በየድርሻቸው ጥቂት ብቻ ነገርኋቸው። ለልጁ «ሊሆን ይችላል ማለትን ተማር» አልሁት፤ ለሽማግሌው ደግሞ የዓይን ብርሃን እንደ ጋዝ የሚያልቅ እንዳልሆነ አስረዳኋቸው። ሰምተው ብዙ ጊዜ ዝም አሉ፤ በኋላም «ታዲያ ሁለት ዓመት ሙሉ በከንቱ ተቀመጥሁ በሉኛ» አሉ። በጥቢው ወራት የልጅ ልጃቸው እጃቸውን ይዞ ወደ ሐኪም ወሰዳቸው፤ አንዱ ዓይናቸው ተቀዶ በደኅና ማየት ጀመሩ፤ ሁለተኛው ግን በሌላ ሕመም ተጐድቶ ስለ ተገኘ አልተመለሰም።

በሌላ ጊዜ ልጠይቃቸው ብሄድ በደጃፋቸው ፀሐይ ሲሞቁ አገኘኋቸው። «ያ ጅራታም ኮከብ የሚመለሰው መቼ ነው ብለው ነበር?» አሉኝ። በ2053 ዓ.ም. መሆኑን ነገርኋቸው። በጣታቸው ቈጥረው ሲያበቁ ወደ ልጁ ዞር ብለው «እንግዲህ እኔ አልደርስበትም፤ አንተ እይልኝ» አሉት፤ ቀጥለውም «ስታየው ግን ለማንም መፍረጃ አታድርገው፤ ብርሃን ነው በለው፣ ይበቃል» አሉ። ልጁም «እሺ አባባ» አለ።

እኛም፣ ወንድሞቼና እኅቶቼ ሆይ፣ አንዱን ቃል ይዘን ከባልንጀራችን ጋር ከመጣላታችን በፊት እርሱ በየትኛው ቤት ቆሞ እንደሚናገር እንጠይቅ። ዕውቀት ያለው ዕውቀቱን የሽማግሌን ዓይን ለማብራት እንጂ ሽማግሌን ለማሳፈር አያድርገው፤ እምነት ያለውም እምነቱን ልጅን ዝም ለማሰኘት አያውለው። ይህን ካደረግን ብርሃን የሚለው ቃል በሁሉም ፍቺው በመካከላችን ይኖራል።